የወላጆች ትምህርት ሲመጣ የትኛውን እንቀበል? ለጎጃም ቀበሌዎችና ከተሞች የቀረበ ንጽጽር

ጎጃም ትርፍ አምራች አገር ሲባል ኖሯል፤ ጤፉ፣ በቆሎው፣ ስንዴው ምስክር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አንሶ፣ ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ክልሉ ወደ 41፣ አገሩ ወደ 37 ወረደ። ጎተራ ሞልቶ ልጅ ከቀነጨረ ችግሩ እህል ማጣት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ልጁ የሚበላው ምን ዓይነት ምግብ ነው? ተቅማጥ ስንቴ ይመላለስበታል? እናቱ ወፍጮ ስትሄድ ማን ይይዘዋል? ሲኮላተፍ ማን ይመልስለታል? የወላጆች ትምህርት የሚባለው ነገር ሥራው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት እናምጣላችሁ የሚል አካል ወደ ቀበሌ ሲመጣ ግን ስብሰባው ላይ ጎልተው የሚሰሙት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ስንት ሰው ይሠለጥናል? አበል አለው? ይህ ጽሑፍ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አልፈው መመርመር ለሚፈልጉ የቀበሌ፣ የዕድርና የሰንበቴ ሰዎች ነው። ሕፃን አዝላ "ጊዜዬን የትኛው ላይ ላውለው?" ለምትል እናትም ይጠቅማል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ለአብዛኛው የገጠር ቀበሌ የሚሻለው በየሁለት ሳምንቱ የሚገናኝ፣ ልጆቹ ራሳቸው በቦታው ያሉበት አነስተኛ የወላጆች ቡድን ነው፤ ለተመረጡ ቤቶች ብቻ የቤት ጉብኝት ተጨምሮበት።

መጀመሪያ መመሪያውን ግለጡት

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ማዕቀፍ ለሕፃን የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች ይዘረዝራል፤ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ የልጁን ምልክት አይቶ ምላሽ መስጠት፣ ከአደጋና ከጥቃት መጠበቅ፣ ከጨቅላነት ጀምሮ የመማር ዕድል። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአራት ምሰሶዎቹ አንዱ ያደረገው የወላጆችን ትምህርት ነው።

ጤናና ምግብ በየትኛውም ፕሮግራም አይጠፉም። ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ የሚታለፉት። ስለዚህ የሚያመጡትን የአሠልጣኝ መመሪያ ተቀብላችሁ ገጹን ቁጠሩ። ስለ ጨዋታ፣ ስለ ንግግርና ስለ ቅጣት የሚናገረው ክፍል ከመጨረሻው ምዕራፍ ላይ በችኮላ የተለጠፈ ከሆነ የመጣላችሁ የሥነ ምግብ ፕሮግራም ነው። እሱም አይናቅም፤ በስሙ ይጠራ እንጂ።

ጤና ኬላው

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሠራሩ ለአንድ ቀበሌ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች የሚል ነበር። የነፍሰ ጡር እናቶችን ኮንፈረንስ ይጠራሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ትመጣለች። ሕፃን ይመዝናሉ፣ ይከትባሉ፣ የገንፎ ሠርቶ ማሳያ ያደርጋሉ። ትልቁ ጥቅሙ ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ አለማለቁ ነው። ክንዱ የቀጠነ ልጅ ሲገኝም የት እንደሚላክ የታወቀ ነው። ድክመቱ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው፤ እነዚያው ሁለት ሴቶች የመፀዳጃ ቤቱን፣ የወባውን፣ የቤተሰብ ምጣኔውንና ሪፖርቱን ተሸክመው ለጨዋታ የሚተርፍ ሰዓት ከየት ያመጣሉ? ትምህርቱ እየጠበበ ሄዶ "ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በዘጠኝ ወር ኩፍኝ" የሚል ማሳሰቢያ ይሆናል።

የምግብ ሠርቶ ማሳያውን ስትመዝኑ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ስለ ጾም ምን ይላል? ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ሁዳዴው 55 ቀን አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ። ቤተ ክርስቲያን ጨቅላ ይጹም አትልም። እናት ግን የጾም ድስቷን ቅቤ እንዳይነካባት ትሰጋለች፤ ለአንድ ልጅ ብላ እንቁላል ብትሠራ ዕቃው ሁሉ ሊነካካ ነው። በዚህ መካከል ሕፃኑ ማንም ሳያዝዘው ይጾማል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ለልጁ ብቻ የምትለይ ትንሽ ድስትና ማንኪያ፣ የንስሐ አባቱም "የሕፃኑን አብስይለት" ብለው ደጋግመው ቢናገሩ ይበቃል። የምታጠባ እናት ራሷ ስለምትጾመው ጾም ማማከር ያለባት እሳቸውን ስለሆነ፣ ካህናቱን ያላነጋገረ የሥነ ምግብ ትምህርት ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው። እንቁላሏም ብትሆን ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ጨውና ሳሙና የምትሆን ናት። ከሳምንቱ እንቁላል ሁለት ሦስቱ እቤት ይቅር የሚለውን ውሳኔ አባትና እናት አብረው ካልወሰኑት እናቲቱን ብቻ ማስተማር እሷን ማስጨነቅ ነው።

ጤና ኬላውን እንግዲህ እንደ ተፎካካሪ አትዩት። የትኛውንም ብትመርጡ ከእሱ ጋር ያልተያያዘ ፕሮግራም አትቀበሉ።

ቤት ለቤት ወይስ በቡድን?

ዋናው ክርክር ይህ ነው።

የቤት ለቤቱን ወገን የሚደግፍ ታዋቂ ማስረጃ አለ። በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በተጀመረ ጥናት ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመዘገቡ። ከፊሎቹ ቤት የጤና ረዳት በየሳምንቱ እየሄደች አንድ ሰዓት ያህል እናትና ልጅን አብራ ታጫውት ነበር፤ ለሁለት ዓመት። መጫወቻው ከወዳደቀ ዕቃ የተሠራ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የተጎበኙት ልጆች ካልተጎበኙት ብጤዎቻቸው 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ያገኙ ነበር። ከዚህ በኋላ ነው የቤት ጉብኝት በየአገሩ የተዛመተው፤ አዲስ አበባም ዛሬ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች የሚጎበኙ ሠራተኞች አሏት።

ታሪኩን የሚጠቅሱ ሰዎች አንዷን ቃል ይዘልሏታል፤ በየሳምንቱ። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የተደረገን ነገር በሦስት ወር አንዴ አድርጎ ያንኑ ፍሬ መጠበቅ አይሆንም። እስኪ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ አምጡት። ከጎጥ ጎጥ ወንዝ አለ፤ በሐምሌ ይሞላል። ቤቱ የተራራቀ ነው፤ ውሻው አያስጠጋም። እናቲቱ ከብት ጋ ወይም አረም ላይ ናት። ጎብኚዋ በቀን አራት ቤት ብትደርስ ትልቅ ነገር ነው፤ ያውም ደመወዝ ከተከፈላት። ስለዚህ የቤት ለቤት ፕሮግራም ሲቀርብላችሁ አንዷ ጎብኚ ስንት ቤት እንደያዘች ጠይቁ። ሃያ ካሉ ተቀመጡና አውሩ። መቶ ካሉ የሚመጣው ጉብኝት ሳይሆን ቆጠራ ነው፤ ጎብኚዋ ቅጽ ሞልታ ትወጣለች፣ ልጁን ሳትነካው።

ቡድንን በተመለከተ ለእኛ የሚቀርበው የምዕራብ ኬንያ ገጠር ነው። በ60 መንደሮች በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 24 ወር የሆኑ ልጆች ያሏቸው እናቶች በየሁለት ሳምንቱ ተሰባሰቡ፤ በአጠቃላይ 16 ጊዜ። በሌሎች መንደሮች ከስብሰባዎቹ አራቱ በቤት ጉብኝት ተተኩ። ውጤቱ ሲወጣ ቡድን ብቻ የነበረው በልጆቹ የማሰብና የቋንቋ ዕድገት ላይ ለውጥ አሳየ፤ ለወጣበት ገንዘብም ከቅይጡ የተሻለ ሆነ። የሴቶቹ መገናኘት ራሱ አንድ ነገር ያደርጋል። አንዷ ሠርታ የመጣችውን የጨርቅ ኳስ ሌላዋ አይታ ትሠራለች፤ ጎብኚ የነገረቻትን ግን ለማን ታሳያለች?

ያም ሆኖ ቡድን የሚባል ሁሉ ቡድን አይደለም። ስልሳ ሴት ዋርካ ሥር ሰብስቦ ለሁለት ሰዓት መናገር በየጊዜው የምናየው ስብሰባ ነው። ከሃያ ያልበለጡ ሰዎች፣ ልጆቻቸው ጭን ላይ፣ ቡድኑን የምትመራው አመቻች እያሳየች፣ እናቶቹ እዚያው እየሞከሩ መሆን አለበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ እናቶቹ ልጆቻቸውን ስንት ደቂቃ አጫወቱ? ግማሹን ካልሞላ ንግግሩ በዝቷል። ከመቀበላችሁ በፊት ሌላ ቀበሌ ሄዳችሁ አንድ ስብሰባ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከወረቀቱ ሁሉ ይህ አንድ ቀን ይበልጣል።

የሚጫወቱትንም እዩ። አኩኩሉ፣ ዕቃ ዕቃ፣ እንቆቅልሽ፣ እሹሩሩው፣ ቆርኪና ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሁሉ በቂ መጫወቻ ነው። ፕላስቲክ መጫወቻ በካርቶን ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ እናቶች "ይህ የሌለው ልጅ ማጫወት አይችልም" የሚል ትምህርት ይዘው ይሄዳሉ። ሌላም ስስ ነገር አለ። "ልጃችሁን በሰው ፊት አመስግኑ" የሚል መመሪያ እኛ ዘንድ ቡዳን ይጋፋል፤ እናት ልጇ በሰው ፊት እንዲደነቅ አትፈልግም። የጎጃምን እናት የምታውቅ አመቻች ይህን አትታገልም። "እሰይ፣ እደግ፣ ተመንደግ" ብላ በምርቃት ታልፈዋለች፤ ልጁ የሚፈልገው ሥራውን አይቶ ደስ ያለው ፊት ነው።

የቤት ጉብኝት የማይተካባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ለዚህ ነው ለተመረጡ ቤቶች ያልኩት። አራስ ቤት አንዱ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ያለበት ቤት ሌላው ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ነው የሚያድግ፣ እናቱም ቡድን ውስጥ ይዛው አትመጣም። በተከታታይ የቀረች እናት፣ መንታ የወለደች፣ የምግብ እጥረት ሕክምና ጨርሶ የተመለሰ ልጅ። በአንድ ጎጥ ይህ ጥቂት ቤት ነው፤ ያን ያህል መንገድ ይቻላል።

ከተማው ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ቤቱ የተጠጋጋ ነው፣ እናቲቱ ሥራ ውላ ስለምትመጣ በቀን ስብሰባ አትገኝም፣ ልጁን የምትይዘው ከገጠር የመጣች ራሷ ልጅ የሆነች ሠራተኛ ናት። እዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም ማታ የሚደረግ ጉብኝት ያዋጣል። ሠራተኛዋን የማያካትት ፕሮግራም ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውለውን ሰው ትቶ ነው።

ቤተ ክርስቲያን፣ ሰንበቴ፣ ዕድር

በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ ሞፈር አይነሣም። ገበሬው ቤት የሚገኝባቸው ቀናት እነዚህ ናቸውና ትምህርቱን በነሱ ላይ የሚተክል ሰው አባቶችን ያለ አበል ያገኛል። የካህን ቃል ደግሞ እንጥል ማስቆረጥን፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልን፣ ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥን ለማስቀረት ከማንም አሠልጣኝ ይልቅ ይሰማል።

ሁለት ቀዳዳ ግን አለበት። ወንድ የወለደች እስከ 40፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ጨቅላ የያዘችው፣ ከሁሉ ይልቅ የምትፈለገዋ፣ ከዚያ የለችም። ሙስሊሙ ጎረቤትም በሰንበቴ አይገኝም፤ ሞጣን፣ ባሕር ዳርን፣ ሌሎቹንም ከተሞች አስቡ። ለዚህ ዕድር ይሻላል፤ ቤቱ የሁሉም ነው። ካህኑም ሼኩም በየቦታቸው አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገሩ አድርጎ ልምምዱን ዕድር ቤት ማድረግ የሚችል ፕሮግራም ካገኛችሁ ያዙት።

ትምህርት ቤትና ሬዲዮ

ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዜሮ ክፍል የወላጆች ስብሰባ ለዚያ ዕድሜ ጥሩ ነው፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ደርሶ አይደርስለትም። ሬዲዮም ማሳሰቢያ ሆኖ ይረዳል። ስልኩ ያለው በአባት ኪስ ነው፣ አባት ደግሞ እርሻ ላይ ነው፤ በስልክ መልእክት ብቻ አስተምራለሁ የሚል ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

ማን ይምጣ?

እናት ብቻ የሚጠራ ፕሮግራም ልጁን የሚያሳድጉትን ግማሾቹን ጠርቶ ነው። አማት ወይም አያት "እኛ በዚህ አድገናል" ካለች ምራት የተማረችውን እቤት አታደርገውም፤ ስለዚህ አያቶችን ከሦስተኛው ስብሰባ ባላለፈ ጊዜ ውስጥ የሚጋብዝ፣ ተረቱንና እሹሩሩውን እነሱ እንዲመሩ የሚያደርግ ይሻላል። ታላቅ እኅትንም አትርሱ፤ ብዙ ሕፃን የሚያድገው በስምንት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ ነው።

ስለ አባቶች ማስረጃው ቀጥ ያለ አይደለም። በዚያው የኬንያ ጥናት አባቶችን መጋበዝ በልጆቹ ዕድገት ላይ የጨመረው ነገር አልታየም። በሩዋንዳ ግን ወንዶች ራሳቸው 15 ጊዜ፣ ከዚያ ስምንቱን ከሚስቶቻቸው ጋር የተሰባሰቡበት ፕሮግራም በሚስትና በልጅ ላይ የሚደርሰውን ዱላ ቀንሶ ተገኝቷል። እኔ ከሁለቱ የምረዳው አባትን በእናቶች ስብሰባ ጥግ ማስቀመጥና አባትን በራሱ ጉዳይ ማነጋገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የእንቁላሏ ጉዳይ የእሱ ነው፤ ቅጣቱም የእሱ ነው።

ቅጣትን ካነሣን፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ከአካላዊ ቅጣት ነጻ ነው ይላል። ቤት ውስጥ ግን አለንጋውም፣ ቁንጥጫውም፣ በርበሬ ማጠኑም አለ። "አትምቱ" ብቻ የሚል አሠልጣኝ ወላጁን ባዶ እጁን ይሰደዋል። እሳት አጠገብ የሚሄደውን የሁለት ዓመት ልጅ ምን ላድርገው ለሚል አባት ምን ብለው እንደሚመልሱ አሠልጣኞቹን ጠይቋቸው፤ በመልሱ ብዙ ታውቃላችሁ።

ሲመዝኑት የሚያሳስት ወር

ፕሮግራሙ ሠርቷል አልሠራም የሚለውን ለማወቅ የመጡ ሰዎች ፊርማ አይበቃም። ከ6 እስከ 23 ወር ያሉት ልጆች ትናንት ምን በሉ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ማን ተረት ነገራቸው ወይም አጫወታቸው፣ እቤት የተሠራ መጫወቻ አለ ወይ፣ ባለፈው ወር ተመቱ ወይ፤ እነዚህ ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ። ጠያቂው ያስተማረው ሰው ራሱ አይሁን፤ ሰው ላስተማረው ሰው "አልሠራሁበትም" አይልም፣ ይሉኝታ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሪፖርት የሚስትበት ነገር አለ። መነሻው ልኬት በነሐሴ ተወስዶ መጨረሻው በጥር ከሆነ ማንኛውም ፕሮግራም ግሩም ይመስላል። በነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው፣ እናቲቱ አረም ላይ ናት፣ ወባውና ተቅማጡ አለ። በጥር እህሉ ገብቷል፣ ሰዉ እቤቱ ነው። ልጁን ያወፈረው መኸሩ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን አሠልጣኙ ይወስዳል። ወር ከዚያው ወር ጋር ይለካ፤ ጥር ከጥር። ከተቻለ ደግሞ ገና ያልተጀመረበት ጎረቤት ቀበሌም አብሮ ይጠየቅ። ይህን ስትጠይቁ ደስ የሚለው አካል ሥራውን የሚተማመንበት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ለመጣ ሰው ሁሉ አበል የሚከፍል ፕሮግራም አበሉ ሲቆም ይቆማል። አመቻቿን ያለ ክፍያ የሚያሠራ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ በሰኔ የራሷን ማሳ ትታ የሰው ልጅ ልታጫውት አትወጣም። ለአመቻች መጠነኛ ክፍያ፣ ለተሳታፊ ቡናና ቆሎ፣ ይህ ነው የማየው ሚዛን። አመቻቿ ከዚያው ጎጥ የሆነች፣ ራሷ ያሳደገች ሴት ብትሆን፣ ማንበብ የምትችል ብትሆን ይበቃል፤ ዲግሪ አይጠየቅባት። ማን እየመጣ እንደሚያያትና እንደሚያርማት ግን በስም ይነገራችሁ፤ ካልተነገራችሁ በሁለተኛው ወር ብቻዋን ትቀራለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ብዙ ሰው መሰብሰብ የሚያሰጋበት ቀን አለ። ከከተማ በሚመጣ አሠልጣኝ ላይ የቆመ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይቋረጣል። አመቻቿ ጎጥ ውስጥ ከሆነች ግን አምስት ስድስት እናቶች በአንዷ ቤት ቡና ላይ ተገናኝተው መቀጠል ይችላሉ። ለዚህ ምን አስባችኋል ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለት ድርጅት በአንድ ጊዜ ቢመጣ አንዱን ምረጡ፤ አንዲት እናት ማክሰኞ አንዱ ጋ፣ ሐሙስ ሌላው ጋ ስትሮጥ ልጇን የምታይበት ጊዜ ታጣለች። የመረጣችሁትንም የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ አስቀርባችሁ ከእርሻው ጋር አስተያዩት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዘርና አረም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ለነዚህ ወራት ስብሰባውን እንዴት እንደሚያሳጥር ያልጻፈ ከሆነ ጥር ላይ ይጀምር በሉት፤ እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ አሥር ጊዜ ያህል ይገናኛሉ፣ የቀረውን ከመኸር በኋላ ይጨርሱታል።